ለሚስተር ቫዮላ ላለቅስ የሄድኩ ዕለት

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ ሆኖ ብቸኛ መሆን አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ሰው አያስቀምጥም። አስቤዛ ልገዛ ስወጣ የቤተ ክርስቲያን ሰው አገኛለሁ፣ ባቡር ስጠብቅ የአክስቴ ጎረቤት ጠምጥማ ትስመኛለች፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እንኳ ሳሙናዬን አይቶ "ከየት ገዛሽው?" የሚለኝ አላጣም። ብቸኛ የነበርኩት እንግዲህ በዚህ ሁሉ ሰላምታ መሐል ነው። ስናገር ሰዎች አያምኑኝም፤ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

ስሜ ሰናይት ነው። የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ፤ ሐኪሙ ሲቦረቡር እኔ ምራቅ የሚስበውን ቱቦ እይዛለሁ። ኮልስቪል ሮድ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ የሚያስረዱ ሰዎች በቤተ ክርስቲያናችን ሞልተዋልና እኔ አልደክምበትም።

ክሊኒካችን ውስጥ በሽተኛ እንዳይፈራ ተብሎ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይከፈታል። ለዓመታት የአየር ማቀዝቀዣውን ድምፅ ያህል እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት አፋቸውን ከፍተው፣ እኔ ቱቦዬን ይዤ ቆሜ፣ ከጣሪያው የሆነ ዜማ መጣና ሥራዬን አስረሳኝ። ሐኪሙ "ሰናይት፣ ሰክሽን"፣ ቱቦውን ማለቱ ነው፣ እያለ ደጋግሞ ጠራኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው የፊልም ሙዚቃ እንደሚመስለው ነገረኝ እንጂ የየትኛው ፊልም እንደሆነ እሱም አላወቀም።

ያንን ዜማ ስፈልግ ነው ድረ ገጹን ያገኘሁት። ክላሲካልና የፊልም ሙዚቃ ብቻ ያለበት ነው። በሙዚቃ መሣሪያው፣ በአቀናባሪው ወይም በፊልሙ ስም ትፈልጋላችሁ፤ ቀንጨብ አድርጎ ያሰማችኋል፤ ከወደዳችሁት ሲዲውን ወይም ሸክላውን ትገዛላችሁ። አባላትም ያላቸውን እርስ በርስ ይሻሻጣሉ። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ደግሞ የሰማው ሰው አስተያየቱን ይጽፋል። እኔ የገባሁት አንድ ዜማ ፈልጌ ልወጣ ነበር፤ ሳልወጣ ዓመታት አለፉ።

ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን እያዩ የቤተ ክርስቲያን እህቶች "ምን እየሰማሽ ነው? መዝሙር ነው?" ይሉኛል። "አዎ" እላለሁ። ምን ልበላቸው? ቃል የለውም፣ ዘፋኝ የለውም፣ ዘፈን እንዳይባል ዘፈን አይደለም፣ መዝሙር እንዳይባል ማንም አልዘመረውም። አንዴ ለአክስቴ ልጅ አሰማኋትና "ታዲያ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ማሰማት ተውኩ።

እዚያ ድረ ገጽ ላይ ስሜ "ኮልስቪል" ነበር፤ የመንገዴን ስም ነው የሰጠሁት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የመጀመሪያውን አስተያየት ስጽፍ ስለ አንድ የድሮ ፊልም ሙዚቃ ነበር። ታሪኩ በአንድ ትንሽ ባቡር ጣቢያ የሚካሄድ ነው ይላሉ፤ ፊልሙን አይቼው አላውቅም። መሐል ላይ አንዲት ቫዮላ ብቻዋን ትጫወታለች። ቫዮላ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የምትል፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ሰው ሁሉ ከቫዮሊን ጋር የሚያምታታት መሣሪያ ናት። "እዚህ ጋ አንድ ሰው ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ "ሚስተር ቫዮላ" የሚባል አባል መለሰልኝ። "ተሳስተሃል፤ ሰውየው እየሄደ ነው። ግን አዳምጠሃል" ይላል። የጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወንድ ይበለኝ ሴት አይለይም፤ በኋላ ግን ወንድ አድርጎኝ እንደነበር አወቅኩ።

እንዲህ ተጀመረ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይቃወማል። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አልዋጥልሽ ይለኛል። ስለ ሌላው ሁሉ አንዳንዴ ብንስማማም በዚያች ቫዮላ ግን ለዓመታት ተከራከርን። ፊልሙን አይቶ መገላገል ይቻል ነበር፤ ሁለታችንም አላየነውም፣ ለማየትም አልፈለግንም። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር ጠይቄው አላውቅም። በልቤ ግን ነጭ ጺም አበቅዬለት፣ ውሻ ገዝቼለት፣ ከዩኒቨርሲቲ ጡረታ አውጥቼው ነበር። ሥራ ውዬ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የማየው የእሱን መልስ ነው። ሳቄንም ንዴቴንም የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት በፀደይ ወራት ሚስተር ቫዮላ ዝም አለ። መጀመሪያ ለዕረፍት የሄደ መሰለኝ። በጋው አለፈ። እኔ አዲስ የወጣ ሲዲ ሥር ሁሉ እየጻፍኩ እጠብቃለሁ። "ሚስተር ቫዮላ ይህን ምን ይለው ይሆን?" እያልኩ በስም ጠርቼ ሁሉ ጻፍኩ። ሆን ብዬ ስህተት የጻፍኩበትም ጊዜ ነበር፤ እንዲያርመኝ። መልስ የለም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር በእሱ ስም አንድ ማስታወቂያ ወጣ። "የአባቴ ስብስብ በሙሉ ይሸጣል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። መጥቶ መውሰድ ለሚችል" ይላል። እዚያ ድረ ገጽ ላይ የቆየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከእኛ መሐል ስብስቡን በገዛ እጁ አሟጥጦ የሚሸጥ የለም። አንድ አባል ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ልጅ ወይም ሚስት በስሙ ገብተው ዕቃውን ይሸጣሉ፤ አባላት "እናዝናለን" ብለው ከሥር ይጽፋሉ። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስልኬን ይዤ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አሌክሳንድሪያ ማለት እኮ ወንዙን መሻገር ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በባቡር የምንገናኝ ሰዎች ነበርን።

ስለ ሞቱ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። የዚያን የባቡር ጣቢያ ፊልም ሲዲ ብቻ መግዛት እንደምፈልግ ጻፍኩ። አድራሻ ተላከልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ የቀረውን ነጋዴ ጠቅልሎ ስለሚወስደው ሳይረፍድ እንድመጣ ተነገረኝ።

ፈረንጅ ሲሞት ምን ተይዞ እንደሚኬድ አላውቅም። ክሊኒክ አብራኝ የምትሠራውን አሜሪካዊት ስጠይቃት "ካርድ ላኪ" አለችኝ። ሰው ሞቶ ካርድ መላክ አልዋጥልሽ አለኝ ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ወጥ ሠርቶ የሚያመጣ ያመጣል፣ ያልቻለ ደግሞ አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ይደርሳል። እኔም ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጥቁር ሻሽ አሰርኩ፣ ሰፈራችን ካለው የሐበሻ ሱቅ ገብቼ የታሸገ ውሃ አነሳሁ።

ባለሱቋ አለባበሴን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ማን ሞቶ ነው?"

"የማውቀው ሰው ነው።"

"ዘመድ ነው?"

"አይ፣ ፈረንጅ ነው።"

ውሃውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለችና የወረቀት ኩባያም ጨመረችልኝ።

ቤልትዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መንዳት ስለምፈራ በባቡር ሄድኩ። ሬድ ላይን፣ ከዚያ የሎው ላይን። ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር የለበሰች ሴት ካርቶን ውሃ ታቅፋ ስትቀመጥ ሰው ቦታ ይለቅላታል። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ድልድዩን ሲሻገር ለማልቀስ ሞከርኩ። እንባ አልመጣም። ፊቱን የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ላልቅስለት? አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለ፤ ከእንግዲህ የምጽፈውን ማን ያነብልኛል? እዚህ ከተማ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሞልቷል፤ የምሰማውን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ነበር። ሄጄ ቢያንስ ለልጁ እነግራለሁ አልኩ፤ አባትዎ ለአንድ ሰው እንዲህ ነበሩ ብዬ።

ከባቡር ወርጄ አውቶቡስ ይዤ ደረስኩ። የድሮ የጡብ ፎቅ ነው። ደወሉን ተጫንኩ፤ የሚከፍት የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተና ሹራብ የለበሱ፣ ረዘም ያሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ሐበሻ ናቸው።

ወዲያው ሟቹን ያስታምሙ የነበሩ ሰው መሰሉኝ። ፈረንጅ ሽማግሌ ቤት የሚሠራ የእኛ ሰው ስንት አለ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ በቋንቋዬ ልናገር ነዋ። ውሃውን እንደታቀፍኩ ጎንበስ አልኩ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባቴ።"

"ምን?" አሉኝ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩ ጮክ ብዬ።

ፊታቸው ተለወጠ። በሩን ያዝ አደረጉ። "ማን ሞተ?"

"ሚስተር ቫዮላ።"

ሻሼን፣ ቀሚሴን፣ ካርቶኑን፣ ከላይ የተቀመጠውን የወረቀት ኩባያ ሳይቀር አንድ በአንድ አዩት።

"ማን ነው የነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ስብስቡ ሲሸጥ አየሁ። ሲዲ ልወስድም መጥቼ ነበር፣ ግን ለቅሶውን ሳልደርስ ብሄድ ..."

"ልጄ፣" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ሚስተር ቫዮላ እኔ ነኝ።"

ካርቶኑ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ተቀበሉኝ። የቆመን ሰው እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎ ማሟረት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ታውቁታላችሁ። ይቅርታ፣ ይቅርታ እያልኩ ጎንበስ ቀና ስል እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው የያዛቸው።

"አንቺ ማን ነሽ?"

"ኮልስቪል ነኝ።"

"ኮልስቪል ወንድ አይደለም እንዴ?"

"አይደለም።"

"ፈረንጅም አይደለህ ... አይደለሽም?"

"እርስዎስ ፈረንጅ አልነበሩም?"

ያን ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ ፊታቸው ላይ ጀምሮ እዚያው ጠፋ። ስማቸው ጋሽ ታምራት ይባላል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ያን ዕለት ግን ልጃቸው ሜሮን ዕቃ ልታሽግላቸው መጥታ ነበር። ከጓዳ የማሸጊያ ፕላስተር ይዛ ስትወጣ አባቷ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት እጅ ይዘው አገኘቻቸው።

"አባዬ፣ ሁ ኢዝ ዚስ?"

"እንግዳ ናት።"

"ሶሪ፣ የት ነው የምትተዋወቁት?" አለችኝ።

"ኢንተርኔት ላይ" አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል።

ሜሮን ፕላስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "ኦንላይን? አባዬ፣ ኦንላይን ሴት ሚት እያደረግክ ነው? ገንዘብ ሴንድ አድርገህላታል?"

"ሴት መሆኗን አሁን ነው ያወቅኩት" አሉ ጋሽ ታምራት፤ ነገሩን ጭራሽ አባሱት።

ማስረዳቱ ጊዜ ወሰደ። እኔ ለቅሶ እንደመጣሁ ስናገር ሜሮን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማስታወቂያውን የጻፈችው እሷ ነበረች። አባቷን ውድብሪጅ ባለው ቤቷ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ልታስገባቸው ነው፤ ሲዲና ሸክላው ቦታ የለውም፣ እሳቸውም ሽጪው ብለዋታል። ድረ ገጹ ላይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሰው ሲሞት ብቻ እንደሚወጣ በምን ታውቃለች። "አይ ዲድንት ኖው" አለች፣ ደጋግማ። ከዚያ ካርቶኑን አይታ ሳቋ መጣና ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሳሎኑ ሙሉ ሣጥን ነበር። ግድግዳው ላይ መደርደሪያዎቹ የነበሩበት ቦታ ቀለሙ ነጣ ብሎ ይታያል። ጋሽ ታምራት ወንበር ሰጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከአፌ አይነቅሉም። ሁለቱም ጆሯቸው ውስጥ ትንንሽ መስሚያዎች እንዳሉ ያኔ አየሁ።

"ለምን ይሸጡታል?" አልኳቸው።

"አልሰማም እኮ።"

"እኔን እየሰሙኝ ነው።"

"አንቺን አዎ። ቤቱ ፀጥ ሲል፣ አንድ ሰው ብቻ ሲናገር እሰማለሁ። ይሄ ነገር" ጆሯቸውን ነካ አደረጉ፣ "ለንግግር ነው የተሠራው አለኝ ሐኪሙ። ሙዚቃ ስከፍት ቆርቆሮ መንገድ ላይ ሲጎተት ነው የሚሰማኝ። ቫዮላውም ያው ነው፣ ፒያኖውም ያው ነው። መጀመሪያ ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጻፉልኝም? ስጠብቅዎት እኮ ነው የከረምኩት።"

"አነበብኩት።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ሚስተር ቫዮላ የት ነው ያልሽውንም። እያወቅሽ የተሳሳትሽውንም።"

እዚህ ላይ ተናደድኩ፤ አልደብቃችሁም። የማላውቀው ሽማግሌ ቤት ተቀምጬ፣ ለሞታቸው የተገዛ ውሃ አጠገቤ ቆሞ፣ ተናደድኩ። "አንብበው ዝም አሉኝ? ሞተዋል ብዬ እኮ ነው የመጣሁት። አንድ ቃል ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት?"

"ምን ብዬ ልጻፍ? ያልሰማሁትን ሰምቼዋለሁ ልበልሽ? ወይስ ደንቁሬያለሁ ልበል? እዚያ ድረ ገጽ ላይ የምታወቀው በጆሮዬ ነበር እንጂ በሌላ በምን ያውቁኛል?"

በባቡር እምቢ ያለው እንባዬ ያን ጊዜ መጣ። ለሞተው ሰው ያላለቀስኩትን ለቆመው አለቀስኩ። ጋሽ ታምራት አላባበሉኝም፤ ተነሥተው ከአንዱ ሣጥን የባቡር ጣቢያውን ፊልም ሲዲ ፈልገው አወጡና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

"ውሰጂው። ክፍያም አልፈልግም።"

ተነሥቼ ልሄድ ነበር። እውነቴን ነው፤ ሲዲውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሻሼን አስተካክያለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ።

"ኮልስቪል። ሳትሄጂ አንዴ ክፈቺው። ምን እንደሚል ንገሪኝ።"

"አይሰሙትም አይደል?"

"አንቺ ስሚው። እኔ አንቺን እሰማለሁ።"

ማጫወቻው ገና አልታሸገም ነበር። ቤቱ ፀጥ እንዲል የማዳመጫውን ገመድ ሰኩልኝ፤ እኔም አንዱን ጆሮዬን ሸፍኜ ሌላውን ለእሳቸው ገለጥ አድርጌ ተውኩት። ሲዲው ጀመረ። አፌን ከፈትኩና ምንም አልወጣ አለኝ። ለዓመታት ስለዚህ ሙዚቃ የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ ለማን ልናገር?

"ምን አለ?" አሉ።

"ምንም። ፀጥታ ነው። ከታች ከበሮ አለ፣ በጣም ሩቅ። ሰው ፎቅ ላይ ሲራመድ እንደሚሰማው። አሁን የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ገቡ፣ ዋሽንት የሚመስለው ..."

"ቀንዶቹስ፣ የቀንድ መለከቶቹ?"

"ገብተዋል።"

"አልገቡም። ቫዮላዋ ትቀድማለች።"

እውነታቸውን ነበር፤ ቸኩዬ ነው። "አዎ፣ ይኸው ቫዮላዋ። ዝቅ ብላ ነው የጀመረችው። ሰው ብቻውን ሲሆን ሳያውቀው እንደሚያወራው። አሁን ከፍ አለች፣ ፈራች መሰለኝ ተመለሰች። ደግሞ ሞከረች። ማንም አልመለሰላትም። ባለክሮቹ መሣሪያዎች ከሥሯ አሉ ግን እሷን አያዩዋትም፣ የራሳቸውን ነው የሚሉት። አሁን ቀንዶቹ መጡ፤ በር የተከፈተ ይመስላል።"

ጋሽ ታምራት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ እኔ ያልኩትን ቀድመው ይደርሱበታል፣ ቆም ብለው ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ተሸፍኖ ድምፄ ምን ያህል እንደጨመረ አላወቅኩም።

"እየሄደ ነው አላልኩሽም?" አሉ።

"እየተመለሰ ነው።"

"በር የተከፈተው እንዲወጣ ነው።"

"እንዲገባ ነው እንጂ፣ ጋሽ ታምራት። መብራት አለ እኮ ውስጥ።"

"የምን መብራት?"

"ይሰማኛል፣ መብራት አለ።"

ሜሮን ደንግጣ ስትወጣ ሁለታችንም ቆመን እንጮሃለን። "ዋት ሃፕንድ? ተጣላችሁ?" አለች። አባቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት። እኔ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ከበሮው ጠፋ፣ ባለክሮቹ አንድ በአንድ ተዉት፣ ቫዮላዋ የጀመረችውን ሳትጨርስ አቆመች። ማዳመጫውን አወለቅኩ። ቤቱ ውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ሰማሁት" አሉ ጋሽ ታምራት።

ሜሮን የያዘችውን ሣጥን መሬት ላይ አድርጋ እሱ ላይ ተቀመጠች። ልጅ ሆና አባቷ ይህን ሲከፍቱ እሷ የክፍሏን በር ትዘጋ እንደነበር ነገረችኝ። "ኢት ወዝ ጀስት ኖይዝ ፎር ሚ" አለች፤ ለእኔ ጫጫታ ብቻ ነበር ማለቷ ነው። "ውስጡ ሰው እንዳለ አልነገረኝም እኮ።" አባቷ ሰሙት አልሰሙት አላውቅም።

ነጋዴው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ደስተኛና ፈጣን ሰውዬ ነው። ሣጥኖቹን መክፈት ሲጀምር ጋሽ ታምራት ያስቆሙታል ብዬ ጠበቅኩ። እናንተም ሳትጠብቁ አትቀሩም። አላስቆሙትም። ሁሉም ወደ መኪናው ሄደ። የመጨረሻው ሣጥን ሲወጣ እሳቸው ቆመው በሩን ይዘውለት ነበር። "የማልሰማውን ታቅፌ ምን ላድርግ" አሉኝ ሲመለሱ። ከዚያ እኔ ያመጣሁትን ውሃ ከፍተው ለሦስታችን በወረቀቱ ኩባያ ቀዱልን። የገዛ ለቅሶውን ውሃ የጠጣ ሰው እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

ይህ ከሆነ ወዲህ ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የውጭው ነገር ብዙም አልተለወጠም። አሁንም ብቻዬን እኖራለሁ፣ አሁንም ቱቦ እይዛለሁ። ብቸኝነቴም ጥሎኝ አልሄደም፤ እሁድ ከቸርች ስመለስ ደረጃው ላይ ይጠብቀኛል። ግን መዝሙር ነው ማለት ትቻለሁ። አንዷ እህት "ምን እየሰማሽ ነው?" ስትለኝ ማዳመጫዬን አውልቄ እነግራታለሁ፤ ቫዮላ ምን እንደሆነች፣ አሁን የት ጋ እንደደረሰች። ግማሾቹ እንደ እብድ ያዩኛል። ሁለት ሦስቱ ግን ቆመው ሰምተውኛል፤ አንዷማ በሚቀጥለው ሳምንት "ያ ሰውዬ ቤቱ ገባ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለካ በሰው ተከብቤ ብቻዬን የነበርኩት ሰዎች በልቤ ያለውን አንሰማም ስላሉኝ አልነበረም። ተናግሬው ስለማላውቅ ነው። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ በሩን ዘግቶ የሚሰማ ሰው ካለ፣ አንድ ቀን ግቡና ምን እንደሚል ጠይቁት። ላይገባችሁ ይችላል፤ ቢሆንም ጠይቁት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሮን ከጣቢያ ትወስደኝና ውድብሪጅ እሄዳለሁ። ስልኬን ከፍቼ ማዳመጫዬን አድርጌ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ከጋሽ ታምራት ፊት ለፊት ተቀምጬ የሰማሁትን እናገራለሁ። የድሮዎቹን ያርሙኛል። አዲስ የወጡትን፣ እሳቸው በጆሯቸው ሰምተዋቸው የማያውቁትን፣ ከእኔ አፍ ብቻ ያውቋቸዋል፤ እሱንም ይከራከሩኛል። ሐኪሙ ግን ንግግር መስማቱም ቀስ እያለ እንደሚጠፋባቸው ነግሯቸዋል። እኔም አውቃለሁ፣ ሜሮንም ታውቃለች፣ አንናገረውም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ረጅም ነገር ይዤላቸው ሄድኩ። መሐሉ ላይ ስደርስ ማረም እንዳቆሙ ልብ አልኩ። ጣቶቻቸውም ቆመዋል። ሆን ብዬ ዋሽንቱን መለከት አልኩት፤ ዝም። ማዳመጫዬን አውርጄ ወንበሬን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ።

"ጋሽ ታምራት፣ እየሰሙኝ አይደለም አይደል?"

"ድምፅሽ ይመጣል፣ ቃሉ አይለይልኝም" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን አቁሚ አላሉኝም?"

"አንቺ እየሰማሽ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ቀጥዪ እንግዲያ" አሉኝ፣ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ፊቴን እያዩ። ማዳመጫውን መልሼ አደረግኩና ካቆምኩበት ቀጠልኩ።